አንድ ቆጣሪ

ከፍርድ ቤት ተልኬ፣ ሜትር በኪሴ ይዤ፣
እስከ ሳቢያን ድረስ በባጃጅ ተጉዤ፣
ቤት ቁጥሩን አገኘሁት ከኒሙ ዛፍ በታች፤
ደጁን ከፈቱልኝ ሁለት ባለቤቶች፣
ትናንት አንዱ ላንዱ «ባለቤቴ» የነበሩ፣
ዛሬ በቤቱ ብቻ ባለቤት የቀሩ።

እታፈራሁ አመልካች፣ ወንድይፍራው ተጠሪ፤
እንዲህ ይላል መዝገቡ። እኔ ነኝ ቆጣሪ፣
በርና መስኮቱን፣ ቆርቆሮና ምስማሩን በዋጋ ቀያሪ።

ሰኔ ነው፣ የድሬ ሰኔ፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ላቤ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ያበላሻል።
እሷ ቀዝቃዛ ውሃ፣ እሱ ወንበር አመጣ፤
ወዲያው ሁለቱም አፈሩ፣
ጉቦ እንዳይመስል፣ እንዳያመጣ ጣጣ።
ውሃው ደጅ ቀረ፤ ወንበሩም ደጅ ቀረ።
ቆሜ ለካሁ።

«መሠረቱን በእጄ ነው» አለ ከኋላዬ፣
«በዓመት ፈቃዴ፣ ያኔ ከምድር ባቡር ሳልወጣ ከሥራዬ።
ይኼ ምሰሶ ሐዲድ ነው፤ ደረሰኝ አለኝ፣ ጻፈው።»
እሷ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ፦ «ቦታውን ማን ሰጠው?
አባቴ ነው። ካርታው በስሙ የወጣ
እርጉዝ ሆኜ ነው፣ ለማዘጋጃ ቤት ወረፋ ጉልበት ባጣ።»
ጻፍኩ። ሁለቱንም። ለሐዲድና ለእርግዝና
የሚሆን ዓምድ ግን በቅጹ አልነበረምና
ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ።

ቬንትሌተሩ ጣሪያው ላይ ይዞራል።
«የእናቴ ስጦታ ነው» ትላለች፤ «የሰቀልኩት እኔ ነኝ» ይላል።
ሕጉን አስረዳኋቸው፦ በብሎን ከታሰረ
የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው።
ሦስታችንም ቀና ብለን አየን፤ እየዞረ ነበረ።

ከዚያ ዕዳው መጣ። ሰማንያ ሺህ ብር፣
ለታይዋን ሱቋ ጨርቅ፣ ከቁጠባና ብድር፤
ተበዳሪዋ እሷ፣ ዋሱ እሱ።
ጋብቻ ይፈታል፤ ዋስትና ግን ያው ነው፣
ወር በገባ ቁጥር ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው።
ዕቁብም ነበራቸው። ዕጣው ገና አልወጣ፤
ከዕጣው ቀድሞ ትዳሩ ወጣ።

ሳሎኑን ለመለካት ሁለት ሰው ያሻል። ለረዳት
ፍርድ ቤቱ አይከፍልም። ዛፉ ሥር ልጃቸው ነበረች፣ ረድኤት፣
የአሥራ ሦስት ዓመት፣ በኬሚስትሪ ደብተሯ ፊቷን የምታራግብ።
«የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ» አልኳት ሳላስብ።
ያዘች። ከግድግዳው አጥብቃ፣ ሳታነቃንቅ።
«አራት ሜትር ከሃምሳ» አልኩ።
«ሁለት ከሃያ አምስት» አለች፣ ሳልጠይቃት አካፍላ፤
«ሃያ ሳንቲሙስ የማነው፣ ብሎኬቱ የሚበላ?»
መልስ አልነበረኝም። በቀይ እስክሪብቶ
ከመስኮቱ እስከ ጓዳው አሰመርኩ።

ጥር ላይ ተመለስኩ፣ ለአፈጻጸም ሪፖርት፣ ቀኑ ሲመሽ።
ግንቡ ቆሟል፣ ገና ሳይለሰን።
ሁለት በር፣ ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት የውሃ በርሜል፤
የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ። መብራት ኃይል «ዕቃ የለም» ይላል።
ቆጣሪው የተሰቀለ በእሷ ግድግዳ፣
ቢሉ የሚመጣ በእሱ ስም።
ወሩ ሃያ ሲል ግንቡን በሳንቲም ትመታለች፣ ሦስት ጊዜ፤
ግማሹን ይዞ ይመጣል። «ያንቺ ፍሪጅ»፣ «ያንተ ቲቪ»፣ ሁልጊዜ።
ሰባት መቶ አሥራ ሦስት ብር አይካፈልም በቅጡ፤
ለትርፏ ብር ተራ ገብተዋል፣ ወር እየጠበቁ ሊሰጡ።

ይህን ስጽፍ መብራት ጠፋ። በሁለቱም ቤት፣ እኩል።
ቬንትሌተሩ አንድ ሁለቴ ዞሮ ቆመ፣ በእሱ በኩል።
«ሄደ!» አለች ከወዲህ፤ «ሄደ!» አለ ከወዲያ፣
በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ።
ከዚያ ዝም አሉ።

ቅጹን እንደያዝኩ ከቆጣሪው ሥር ቆምኩ።
ረድኤት በስልኳ እያበራች መጣች፤
በድሬ ወግ «አንተ» ብላ፣
«የቱን ልያዝልህ?» አለች።